የልብስ ሰፊው ሰማያዊ ምላስ

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው «ጋሽ ነገ» ይባላል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሱሪዬን አሳጥርልኝ ብዬው ክረምቱን ሙሉ «ነገ ና» ሲለኝ ከረመ። እጁ ግን ወርቅ ነው። ምን ያደርጋል፣ ዕድሜው ሲገፋ ሐሳቡ እየተበተነ የግራውን እጅጌ በቀኝ መግጠም ጀመረ። በዚህ መሀል ፋርማሲ የምትሠራው አንድያ ልጁ ልታገባ ሆነ። የሙሽራ ቀሚሷን ከእኔ በቀር ማንም አይሰፋውም ብሎ ማለ፤ ማለ እንጂ ባበላሸውስ ብሎ እንቅልፍ አጣ።

የፈራ ሰው የማያምነው ነገር የለም። ስልኩ ላይ አንድ ጡንቻማ ሰውዬ «ድካም ማለት ሴሎችህ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ነው» እያለ ስለ አንድ ሰማያዊ መድኃኒት ሰበከው። ጋሽ ነገ ታዲያ ሐኪም ይጠይቃል? ወይ ፍንክች! የጌጥ ዓሣ ከሚሸጠው ሰውዬ ሱቅ ሄዶ ለታመመ ዓሣ የሚጨመረውን ያንኑ ሰማያዊ ጠብታ ገዝቶ መጣ።

«ይሄ የዓሣ አይደል እንዴ?» አልኩት።

«ዓሣ ሲያዛጋ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

በየጠዋቱም ሻዩ ውስጥ እያንጠባጠበ ይጠጣ ጀመር። የባሰው ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ ሰውየው ነቃ። ከመድኃኒቱ ይሁን ከጉጉቱ እንጃ፤ ብቻ የስፌት መኪናው ላይ ተጎንብሶ እያፏጨ ይሰፋል። ሱሪዬንም ሳልጠይቀው አሳጠረልኝ። ቁምጣ አደረገው እንጂ።

ልብስ ሰፊ ክር በመርፌ ሲያስገባ ጫፉን በምላሱ ያርሳል። ዕድሜ ልኩን ያደረገውን ማን ልብ ይላል? ልጅቷ ገና ያላለቀውን ቀሚስ ልትለካ መጥታ መስታወት ፊት ስትቆም፣ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ስፌቱን ተከትሎ ሰማያዊ ነጠብጣብ ተሰልፏል።

«አባዬ፣ እስቲ ምላስህን አውጣ!»

አወጣ። እስክሪብቶ ሲያኝክ የዋለ ተማሪ መሰለ። ልጅቷ ጮኸች።

«አጥበዋለሁ ልጄ፣ ይለቃል» አላት ደንግጦ።

«ቀሚሱ ገደል ይግባ! ለድብርት የምትውጠው ክኒን ላይ ነው ይሄን የጠጣኸው? ሁለቱ አንድ ላይ ሰው ይገድላሉ እኮ!»

እጁ መንቀጥቀጡን ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ላቡም በግንባሩ ይወርዳል። እኔ ደደቡ የሥራ ወኔ መስሎኝ ነበር።

አባቷን በክንዱ ይዛ፣ አንድ እጅጌ ብቻ ያለውን ቀሚሷን እየጎተተች ወደ ሆስፒታል በረረች፤ እኔም በቁምጣዬ ከኋላ። መንገደኛው «ሙሽሪት ሽማግሌ ይዛ ጠፋች!» እያለ ይስቃል፤ ታክሲዎቹም በክላክስ አጀቡን።

ሐኪሙ ምላሱን አይቶ ሊስቅ ነበር፤ የክኒኑን ነገር ሲሰማ ግን ተወው። «ይሄ መድኃኒት ለአንድ የደም ችግር በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ለጉልበትና ለትኩረትም ይረዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፣ ግን ገና ጅምር ናቸው። ከእርስዎ ክኒን ጋር ሲሆን መርዝ ነው። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ...» አለና አስተኝቶ ጉሉኮስ ሰካለት።

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእጁን አንጓ ይዛ የልብ ምቱን ትቆጥራለች። ቀሚሱ ጎንና ጎኑ ገና በስፒል ነው የተያያዘው።

«ልጄ፣ ስፒሉ አይወጋሽም?» አላት።

«ይወጋኛል። አንተ ብቻ ተንፍስ።»