በሰም የሠራሁት ፈንጣጣ

ዳንግላ የሄድኩት ፈንጣጣ ገና ባልጠፋበት ዘመን፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሳልጨርስ፣ እንደ ጓደኞቼ ለግዴታ አገልግሎት አንድ ዓመት ላስተምር ነው። ሰው ፊት መናገር ያስጨንቀኝ ስለነበር ክፍል ውስጥ እንኳ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ መጻፍ አበዛ ነበር። ሳልፈራ የምሠራው ሥራ ፊት መቀባት ነው። በተማሪዎች ቴያትር ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ወጣቱን ሽማግሌ፣ ጤነኛውን ቁስለኛ አደርግ ነበር። የሚታየው ሥራዬ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ይህን ለባልደረባዬ አጫውቻት ስለነበር፣ የጤና ሰዎች ለክትባት ማስታወቂያ ፎቶ ሊያነሡ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ወሬው ደረሳቸው። ፈንጣጣ የያዘው ልጅ ይፈልጋሉ፤ በሽታው የገባበት ቤት ግን ለእንግዳ በሩን አይከፍትም። ስለዚህ አንድ ጤነኛ ልጅ ቀብቼ እንዳዘጋጅላቸው ጠየቁኝ።

ከተከራየሁበት ቤት ፊት ለፊት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጠላ ትሸጣለች። ከዘንገና አካባቢ የመጣች ናት፤ ከገበሬዎቹ ጋር በአዊኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ታወራለች። እሷና የሰባት ዓመት ልጇ የሚኖሩት በዚያችው ጠላ ነበር። ሄጄ ልጅቷን እንድትሰጠኝ ለመንኳት።

«ቀለም ብቻ ነው፣ እትዬ። ወዲያው ይታጠባል።»

«የምን በሽታ ነው የምትስዪባት?»

አፌን ስከፍት እጇን አነሣች። «ተይ፣ ስሙን ቤቴ ውስጥ አትጥሪው። ገብቶኛል።» ልጇን ለረጅም ጊዜ አየቻት። «አንቺ ስለሆንሽ እንጂ ለመንግሥት ሰው አልሰጥም ነበር» አለችኝ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ሰም በእሳት አለዝቤ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ እያነሣሁ በልጅቷ ግንባርና ጉንጭ ላይ አንድ በአንድ ጠብ አደረግኩት። ዙሪያውን በከንፈር ቀለም አቀላሁ፤ ጫፉን በፓውደር አነጣሁ። እንጨቱ ስለሚኮረኩራት ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«አትሳቂ እንጂ! ታመሻል እኮ» አላት ፎቶ አንሺው።

«እኔ አላመመኝም!»

ስጨርስ እኔኑ ዘገነነኝ። ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ እውነት የመሰለ አልነበረም።

ግቢው በባሕር ዛፍ ጥላ ተሸፍኖ ስለነበር ፎቶ አንሺው ብርሃን አነሰኝ አለ። መንገዱ በገበያተኛ መሙላቱን ልነግረው ስጀምር ልጅቷን ይዟት ወጥቷል። አጥሩ ሥር አቁሞ ሲያነሣት፣ እንሥራ የተሸከመች አንዲት ሴት ቀጥ ብላ ቆመች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መንገዱን ተሻገረች። ከኋላዋ የነበሩትም ተሻገሩ። ካሜራው ያረጋጋቸዋል ብዬ አስቤ ነበር። እነሱ ግን የጤና ሰዎች የታመመች ልጅ አግኝተው ፎቶ እያነሡ ነው ብለው ሄዱ።

ሰሙ በሙቅ ውሃ አልለቅ አለ። በቅቤ እያሸሁ አነሣሁት፤ የልጅቷ ቆዳ ግን ተልጦ ቀይ ነጠብጣብ ቀረበት። ያንኑ ፊት ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። የጤና ሰዎቹ በዚያው ዕለት ዕቃቸውን ጭነው ወደ ባሕር ዳር ሄዱ።

በማግስቱ በጠላ ቤቱ ማንም አልነበረም። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። እናቲቱ ደጅ ቆማ አላፊውን ትጠራለች።

«ዛሬ ጠላሽን ራስሽ ጠጪው!» አላት አንዱ ደንበኛዋ ከመንገዱ ማዶ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ።

«ቀለም ነው ብዬ ብምል ማን ይሰማኛል?» አለችኝ። «እናት መቼም ልጇን ትደብቃለች ይላሉ። ይሄ ጋን ከኮመጠጠ ሌላ የምጠምቅበት የለኝም።»

እኔ ብናገርም ማንም እንደማያምነኝ አውቅ ነበር። ደግሞም ሰው ሰብስቤ የምናገርበት ድምፅ አልነበረኝም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን መስታወቴን፣ ሰሙንና ቀለሙን ይዤ ጠላ ቤቱ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የገዛ ፊቴን መቀባት ጀመርኩ።

«ኧረግ! አስተማሪዋንም ያዛት!»

«ቆይ፣ ራሷ እኮ ናት የምትለጥፈው።»

«አብዳ ነው?»

«የተማረ ሰው ሥራ ሲፈታ እንዲህ ነው።»

ተሳሳቁ። ከተማሪዎቼም አንዳንዶቹ በመካከላቸው ነበሩ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ፊቴ ሲሞላ እንዲያዩት ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ በቅቤ አሽቼ አነሣሁት። የእኔም ቆዳ እንደ ልጅቷ ቀይ ነጠብጣብ ሆነ።

ፊታቸው በፈንጣጣ ጠባሳ የተበሳሳ አንድ ሽማግሌ ከሰዉ መካከል ወጥተው አጠገቤ መጡ። ከጣቴ ላይ ሰሙን ወስደው አሸት አሸት አደረጉት።

«የእኔ እንዲህ በቅቤ አልለቀቀም» አሉ። ወዲያው በአዊኛ ጠላ አዘዙ። እናቲቱ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ጣሳውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። በቁማቸው ጨለጡት።

ትንፋሼ መለስ አለ። ከኋላ ግን አንዲት ሴት፣ «እሳቸውማ ድሮ ወጥቶላቸዋል፤ ምን ያስፈራቸዋል?» አለች። እውነቷን ነው። የተጠጋውም ሰው መልሶ ራቀ።

እናቲቱ ሌላ ጣሳ ሞላች። ቀምሳ ለእኔ ዘረጋችው።

«እኔ? እዚህ ሰው ፊት?» አልኳት በሹክሹክታ። ያላገባች አስተማሪ ጠላ ቤት ደጅ ተቀምጣ ስትጠጣ በዚያች ከተማ አይቼ አላውቅም።

«ታዲያ ማን ይጠጣልኝ?» አለች። «ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ነገም ነይ፣ ከነገ ወዲያም ነይ። አንቺን ያዩሻል። ካልታመምሽ ይመለሳሉ።»

ልጅቷን አጠገቤ አስቀምጬ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ እዚያው አግዳሚ ላይ እቀመጥ ነበር። ዳይሬክተሩ ጠርተው ገሠጹኝ። ምክንያቱን በተሰባበረ ድምፅ ነገርኳቸው፤ መሄዴንም አልተውኩም። አላፊው ሁሉ ቆም ብሎ ፊቴን፣ አንገቴን፣ እጄን ይመረምራል። እንደ ዕቃ መታየት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ማታ ማታ እኔም ክንዴን በኩራዝ ብርሃን እፈትሽ ነበር።

ያ የመጀመሪያው ጋን ኮምጥጦ ተደፋ። ለሁለተኛው ጌሾውንና ብቅሉን እኔ ገዛሁ። እሱ ሲጋመስ ሁለት ገበሬዎች መጥተው ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ። እናቲቱ ቀምሳ ቀዳችላቸው። ስታልፍ እጇ ትከሻዬን ነካው፤ እያዩኝ ተነሥቼ እንዳልሄድ ብላ ነው።