ኦማ የምንላት ጠርሙስ

በፈረንጆቹ 2009 ጸደይ፣ ጀርመን አገር ሪድበርግ በሚገኝ አንድ የምርምር ቤት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ሥራ ጀመርኩ። ኩሬ ላይ ከሚበቅለው አረንጓዴ አልጌ በቤንዚን ፈንታ የሚነድ ዘይት ለማውጣት ይሞክሩ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ዶክተር ሃይድሩን መደርደሪያ ላይ ያለች አንዲት የደበዘዘች ጠርሙስ አሳየችኝ። «ኦማ እንላታለን፤ አያታችን ናት። አልጌው ሁሉ ከእሷ የተቀዳ ነው። ማንም አይነካትም።»

ሥራዬ ጠርሙስ ማጠብ፣ በእንፋሎት መቀቀልና መብራት ክፍል ውስጥ በመብራት ብርሃን የሚያድገው አልጌ የሚኖርበትን ውኃ ማዘጋጀት ነበር። ልጄን ያሳደግኩበት ሥራ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በሦስተኛው ዓመት፣ ከጰንጠቆስጤ በዓል በፊት ባለው ዓርብ፣ የዶክትሬት ተማሪው ቲሞ መደርደሪያውን ሲያጸዳ ኦማን ከሚታጠቡት ጋር ጋሪዬ ላይ ጫናት።

«ፍራው አስቴር፣» አለኝ፤ ወይዘሮ ማለቱ ነው። «ይቺ አሮጊት ጡረታ ትውጣ። መብራት ክፍል ያሉት አዳዲሶቹ ይበቁናል።»

«አለቃ ታውቃለች?»

«ሰኞ በዓል ነው፤ ማክሰኞ እነግራታለሁ።»

በቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ፕሮግራም ስለነበረን ጋሪውን ማጠቢያ ክፍል ትቼ ወደ ተከራየነው አዳራሽ ሄድኩ።

ማክሰኞ ስንገባ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ መብራት ክፍሉ እንደ ምድጃ ግሏል። አልጌው ሁሉ ቢጫ ሆኗል፤ ይሸታል። ቲሞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ዶክተር ሃይድሩን አልጮኸችም። «ኦማስ?» አለች ብቻ።

ቲሞ ፊቱ ነጭ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ። «አጥበዋታል?»

«ገና አላጠብኳትም፤ ማጠቢያ ክፍል ጋሪው ላይ ናት» አልኩ።

አለቃዬ ከኦማ ትንሽ ቀድታ አዲስ ውኃ ባለባት ጠርሙስ ውስጥ ጨመረች። «ይህ ካልለመለመ የጥናቱ በጀት አይታደስም። የሁላችንም ፌርትራግ፣ የሥራ ውላችን፣ ያበቃል» አለችን።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ጧት ስገባ ጠርሙሷን ለማየት እፈራ ነበር። ውል ከሌለኝ የመኖሪያ ፈቃዴን በምን አሳድሳለሁ? ማታ እንጀራውን ለልጄ አቅርቤ እኔ ሳልበላ ከገበታው ተነሣሁ።

«ማማ፣ ቫስ ኢስት ሎስ?» አለችኝ ልጄ፤ ምን ሆነሻል ማለቷ ነው።

«ጸልዪልን።»

«ለማን?»

«ለአልጌ።»

ሳቀች፤ ግን ጸለየች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሃይድሩን ጠራችን። ጠርሙሷን ነጭ ወረቀት ፊት ያዘቻት። ከታች በኩል ስስ አረንጓዴ ነገር ነበር። ቲሞ አለቀሰ። እኔ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ ተንበረከኩ።

ሕይወት ያለውን ነገር አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ። ከዚያ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው።

በማግስቱ ጧት ሦስት ጠርሙስ አጥቤ ቀቀልኩ። አለቃዬ ኦማን ከፋፈለቻት። አንዷ መደርደሪያዋ ላይ ቀረች፤ አንዷን ቲሞ ምድር ቤት አወረዳት። ሦስተኛዋን እኔ በሁለት እጄ ይዤ፣ በቀስታ እየተራመድኩ፣ መንገድ ማዶ ወዳለው ሕንፃ አሻገርኳት።