ባፈና አላነብም ያለችበት ዓርብ

ተናኘወርቅ አገሯን የምታውቃት ከመጽሐፍ ነበር። ጅቡቲ ተወልዳ፣ እዚያው ስድስተኛ ክፍል ደርሳ፣ ከድሬዳዋ ወዲያ አልፋ አታውቅም። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩት አባቷ የተዉላትን አሮጌ የታሪክ መማሪያ ግን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣዋለች።

ካረጀች በኋላ በዚያው መጽሐፍ አስተማሪ ሆነች። ዓርብ ዓርብ፣ ማዳሞቻቸው እረፍት ሲሰጧቸው፣ ከአገር ቤት የመጡት የቤት ሠራተኞች ከሀብታሞቹ ሰፈር ከፕላቶ ዱ ሰርፓን እየመጡ ከአቶ ክፍሌ ሱቅ ጀርባ ባለችው መጋዘን፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው ማንበብ ይማራሉ። መጽሐፉ አንድ ስለሆነ፣ ተራ የደረሳት ቆማ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ስትሳሳት ተናኘወርቅ ታርማለች። እነዚያን የአገር ቤት ልጆች ስለ አገራቸው የምታርመው አገሩን ከድሬዳዋ ወዲያ ያላየችው እሷ መሆኗ አንድም ቀን ከንክኗት አያውቅም።

በፈረንጆቹ 2016 አገር ቤት ሲታመስ፣ ነገሩ መጋዘኗም ገባ። የኦሮሞዎቹ ልጆች ወዲህ፣ የአማሮቹ ወዲያ መቀመጥ ጀመሩ። ተናኘወርቅ እንዳላየች ሆነች።

አንድ ዓርብ ተራው ባፈና ዘንድ ደረሰ። የአርሲ ልጅ ናት፤ ወንድሟ ያን ሰሞን ታስሯል። ገጹ ኦሮሞዎች ከሌላ ስፍራ ፈልሰው መጡ፣ ያገኙትን አጠፉ ይላል፤ ሕዝቡንም የሚጠራው በስድብ ስም ነው። ባፈና አየችውና መጽሐፉን ዘጋችው።

"አላነብም፣ እትዬ።"

"አንብቢ እንጂ፣ የተጻፈ እኮ ነው።"

"የጻፈው ሰውዬ እናቴን ያውቃታል?"

ሔርሜላ፣ የጎንደሯ ልጅ፣ ከወዲያ ሳቀች። "እኛ ስናነብ ከርመን አንቺ ጋ ሲደርስ ከበደሽ?"

"አንቺን ሲያሞግስ ምን ይከብድሻል?"

አቶ ክፍሌ ጫጫታውን ሰምተው ገቡ። "ተናኘ፣ ወይ ታንብብ ወይ ትውጣ። በእኔ ቤት ታሪክ አይመረጥም።"

ተናኘወርቅ ገጹን ገልጣ አየችው። ልጅ ሳለች የሰፈሩ ልጆች "እናንተ በባቡር የመጣችሁ፣ ኋላ የመጣችሁ" ሲሏት ቤት ገብታ የምታለቅሰው ትዝ አላት። ያን ቃል ስንት ዓመት የሌላ ሰው ልጅ ስታስነብብ ኖራለች።

"ባፈና አትወጣም" አለች።

"እንግዲያው ትምህርቱ ይወጣል።"

"ይውጣ።" መጽሐፉን ብብቷ ሥር ከታ ሄደች።

በሚቀጥለው ዓርብ ተናኘወርቅ አርሂባ በሚባለው ሰፈር፣ ከምትኖርበት ብሎክ ሥር ጥላው ላይ ተቀመጠች። አንዳንዶቹ አቶ ክፍሌን ፈርተው ቀሩ። ባፈና ግን መጣች። ሔርሜላም አኩርፋ፣ ዘግይታ መጣች።

"የአባቴን መጽሐፍ አልቀድም" አለቻቸው ተናኘወርቅ። "ይነበባል። ውሸት ነው የምትል ደግሞ ቆማ ትናገራለች። እኔ አላርምም። ያን ገጽ ማን ያንብብ?"

"ሔርሜላ ታንብበው" አለች ባፈና።

ሔርሜላ ጀመረች። ስድቡ ላይ ስትደርስ ልትዘለው ሞከረች።

"አትዝለዪ። ምን እንዳሉን ይሰማ" አለች ባፈና።

አነበበችው፤ ድምፅዋ ግን ወረደ። ባፈና ተነሥታ የአባቷን ስም፣ የአያቷን፣ የቅድመ አያቷን እያለች፣ እነሱ ዘንድ ልጅ ሁሉ እንደሚማረው ትውልዷን ቆጠረች። ፀሐዩ ጥላውን እየበላ እግራቸው ድረስ መጣ፤ እሷ አላቋረጠችም።

"ሁሉም የተቀበሩት እዚያው ደጃችን ነው" አለች በመጨረሻ። "ከየት ነው ፈልሰው የመጡት?"

"እኔ ከአያቴ በላይ አላውቅም" አለች ሔርሜላ ቀስ ብላ።

"ጠይቀሽ ነያ" አለቻት ባፈና፤ "የሚመጣው ዓርብ ያንቺ ነው።"