ቁጥር ስልሳ አንድ እና የማርልሱ ጥንቸል ቤት

ጥፋቱ የእኔ ነው። ማርልስ መንደር የወጣሁት ጥንቸል ልገዛ እንጂ የብስክሌት ዕቃ ፍለጋ አልነበረም። ማዳም ክሎቲልድ ሾምየን ቅዳሜ ገበያ አመጣልሃለሁ ብላኝ፣ እጇን አሟት ስለቀረች ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ከጎተራው ጀርባ ያለውን የጥንቸል ቤት በአንድ ጣት ገፋ አድርጋ ስትከፍተው ዓይኔ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ።

ሠላሳ ዓመት ሞረድ ይዤ ሞርሳ ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ፤ በእጅ የተሞረደ ብረት ከሩቅ አውቃለሁ። ዘንጉ ስስ ነው፤ ወገቡ ላይ ሳሳ ብሎ ትከሻው ላይ ወፈር ይላል። ጫፉ በእንጨት እጀታ ውስጥ ገብቷል። ማጠፊያው ላይ ያለው ዳዶ ስድስት ጎን ሳይሆን አምስት ጎን ነው። ጎንበስ ብዬ የጥንቸሉን ኩስ በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ስልሳ አንድ የሚል ቁጥር ወጣ።

ዝም ብዬ ጥንቸሌን ይዤ ብመለስ ኖሮ ስንት ሰው ባረፈ።

በሴንት ኤቲየን አምስት ጎን ዳዶ የሚሞርድ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቬርናስዬ የሚባል ብቻውን የሚሠራ ብስክሌት ሠሪ። ደንበኛ በገዛ ቁልፉ ፈትቶ እንዳያበላሽበት ሲል ነው እንዲህ የሚያደርገው። በዕድሜው ከመቶ ያነሱ ብስክሌቶች ሠራ፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ለዚያው ብስክሌት ሞርዶ ቁጥሩን መታበት። የስልሳው ለስልሳ አንድ አይገባም። ቬርናስዬ ከሞተ ቆይቷል፤ ዕቃው ግን በየምድር ቤቱና በየጎተራው ተበትኖ ቀርቷል። የእኛ የአሮጌ ብስክሌት ማኅበር ሥራ እሱን መልቀም ነው።

ሬዢስ ፋቨርዦን የማኅበራችን አንጋፋ ነው። አርባ አንድ ዓመት ቶርኖ ላይ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። የቁጥር ስልሳ አንድን ቴላዮ፣ ባዶ አጽሙን፣ ከአንድ የሞተ አስተማሪ ቤት ካገኘ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ፍሬኑን አኖኔ ከተማ አገኘ፤ የፊት ጭነት መያዣውን አንዲት ሴት አበባ ስታስቀምጥበት ለ ፒዩይ በሚባል ከተማ አገኘ፤ ፔዳሉን ግራና ቀኙን በሰባት ዓመት ልዩነት ከሁለት የተለያዩ ከተሞች ለቀመ። የቀረው አንድ ዘንግ ነበር፤ ማርሽ መቀየሪያው። የዚያ ዘመን ማርሽ ገመድ የለውም። ነጂው እየነዳ ጎንበስ ብሎ ከኮርቻው ሥር ያለውን ዘንግ ይገፋል፤ ካቴናው ከትልቁ ጥርስ ወደ ትንሹ ይወርዳል። ዘንጉ ከሌለ ቁጥር ስልሳ አንድ ሜዳ ላይ ይሄዳል እንጂ ዳገት አይወጣም።

ደግሞ ጊዜ አልነበረም። በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ሐኪሞች የቀኝ ጉልበቱን በብረት ሊቀይሩት ቀጥረውታል። ከዚያ በኋላ ዳገት አታስበው ብለውታል። እኛ ደግሞ በየዓመቱ ግራን ቧ ወደሚባለው ተራራ አናት የምንወጣው በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ ነው። የሬዢስ ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ ቁጥር ስልሳ አንድን ሙሉ አድርጎ፣ በገዛ ጉልበቱ፣ አንድ ጊዜ መውጣት። ዘንጉን ያየሁት በየካቲት ነው።

ቅጂ ሠርቶ ለምን አልወጣም የሚል አይጠፋም። ማኅበራችን ሕግ አለው። ቅጂ የሆነ፣ ወይም አዲስ ብረት የተጨመረበት ዕቃ ሁሉ ከጀርባው ኮከብ ይመታበታል፤ ኮከብ ያለበት ብስክሌት ሙሉ ተብሎ አይመዘገብም፤ በዳገቱም ቀን ሙሉዎቹ ከተነሡ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው የሚነሣው። ሕጉን ያወጣው ሬዢስ ራሱ ነው። የኮከቡ መምቻ የሚቀመጠውም በእሱ መሳቢያ ነው። የእኔ ብስክሌት የፓምፕ ማቀፊያ ላይ ኮከቡን ሲመታ አንዴ እንኳ አላመነታም። እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ በገዛ እጄ ከዝርዝሩ ሰረዝኩት።

በማግስቱ አብረን ማርልስ ወጣን። ሬዢስ ሸሚዙን አስተኩሷል። ባልየው ፊርሚን ሾምየን ሰማንያ ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ገበሬ ነው። መጀመሪያ ቀይ ወይን ቀዳልን፤ እሱን ሳንጨርስ ወሬ የለም። ከዚያ ጥንቸል ቤቱ ጋ ቆምን።

«ሙሲዮ ሾምየን፣ ይቺን መቀርቀሪያ ይሽጡልኝ» አለ ሬዢስ።

«በሩን ምን ይዘጋዋል?»

«ሌላ መቀርቀሪያ አመጣልዎታለሁ።»

«ሌላ መቀርቀሪያ ካለህ ይቺ ምን ታደርግልሃለች?»

ሬዢስ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጥንቸሎቹን ማየት ጀመርኩ። ስለ ቬርናስዬ፣ ስለ አምስት ጎኑ ዳዶ፣ ስለ አሥራ ዘጠኙ ዓመት ሁሉንም አስረዳ። ፊርሚን አዳምጦ ሲጨርስ ባርኔጣውን አስተካከለ።

«ገባኝ። አስተማሪው ነው የሰጠኝ፤ አዲስ ማርሽ አስገጥሞ ይሄ ትርፍ ሆነ አለኝ። አሁን ግን የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነው።»

ማዳም ክሎቲልድ እጆቿን ዘረጋችልን። ሪህ ጣቶቿን እንደ ወይን ሐረግ ጠምዝዟቸዋል።

«የኔ ጌታ፣ ገንዘብህን ያዝ» አለችው። «በዚህ እጅ የሚከፈትልኝ በር ይሄ ብቻ ነው። የወጥ ቤቴን መሳቢያ እንኳ ፊርሚን ነው የሚከፍትልኝ።»

«በአንድ ጣት የምትከፍተው ሥራላትና አምጣ» አለ ፊርሚን። «ያኔ ትወስዳለህ።»

ስንመለስ ሬዢስ መኪናው ውስጥ ሳቀ። «የጥንቸል ቤት መቀርቀሪያ እኮ ነው የጠየቁኝ። ከምሳ በፊት የምጨርሰው ሥራ።»

የመጀመሪያውን በእርግጥም ከምሳ በፊት ጨረሰው። እንደ ሰዓት ዕቃ የጠበቀ ነበር። የእሱ ወርክሾፕ ምድጃ አለው፤ ማርልስ ግን ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጧት መቀርቀሪያው ደርቆ ማዳም ክሎቲልድ በመጥረጊያ እንጨት ስትመታው ዋለች።

ሁለተኛውን ላላ አደረገው። በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለለት።

«ጥንቸሎችህ ጎመኔ ውስጥ ናቸው» አለ ፊርሚን።

«የእኔ ጥንቸሎች?»

«መቀርቀሪያው ያንተ ከሆነ የወጡትም ያንተ ናቸው። ወንዱ በአፍንጫው ነው የከፈተው። እሱ በአንድ አፍንጫ፣ እሷ በሁለት እጅ።»

ሄደን ስንለቅም ዋልን። ሬዢስ በታመመ ጉልበቱ ጎመን መሐል ተንበርክኮ አንዷን ጥንቸል በጆሮዋ ያዘ፤ ጥንቸሏም የእጁን አንጓ ቧጠጠችው። በለቀማው መሐል አሮጌው ዘንግ በሩ ላይ ተመልሶ ሲገጠም ማየት ነበረበት። ፊርሚን ያለምንም ችግር በመዶሻ ሁለቴ ኳ ኳ አድርጎ ገጠመው። በመዶሻ። ሬዢስ ፊቱን አዞረ።

ሦስተኛው የሽቦ ሞላ ነበረው፤ ሞላው ተስፈንጥሮ የማዳምን ጥፍር መታ። ከዚያ በኋላ ፊርሚን ወይን አልቀዳልንም። ሚያዝያ አለቀ።

«አርባ አንድ ዓመት» አለኝ ሬዢስ፣ የሦስተኛውን መቀርቀሪያ ሞርሳው ላይ ወርውሮ። «ከጸጉር የሚቀጥን ልክ ጠብቄ የሠራሁ ሰው፣ ጥንቸል በአፍንጫው ይፈትነኝ?»

«ጥንቸሉ አይደለም፤ ቬርናስዬ ነው የሚፈትንህ» አልኩት። «የእሱ ለምን በውርጭም እንደሚከፈት አይተኸዋል?»

«ፊርሚን አሮጌውን በእጄ አያስነካኝ፤ ሳልፈታው እንዴት ብዬ ልየው?»

«ከሥሩ ገብተህ ነዋ።»

ገባ። የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው ጥንቸል ቤት ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ የሚስቱን የእጅ መስታወትና ካሊፐር ይዞ፣ ኩስ እየተንጠባጠበበት ግማሽ ቀን ለካ። ሲወጣ ተናዶ ነበር፤ ግን የተለየ ንዴት ነው።

«የማጠፊያው ፒን ድቡልቡል ብቻ አይደለም፣ ሾጣጣ ነው። ሲበላ ራሱ ይጠባል። ሲቀዘቅዝ ራሱ ይላላል። ይሄ ሽማግሌ በእጁ ነው እንዲህ ያደረገው፤ በእጁ።»

አራተኛው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ፒኑን ቫልቭ በሚለሰልስበት ሻካራ ቅባት እያሸ፣ እየጠረገ፣ እንደገና እያሸ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ማርልስ ወስዶ ገጠመው። ማዳም ክሎቲልድ በትንሿ ጣቷ ነካ አደረገችው፤ ተከፈተ። ዘጋችው። አሥር ጊዜ ያህል ከፈተች፣ ዘጋች። ወንዱን ጥንቸል አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችው፤ አሽትቶ ተመለሰ።

«ከአሮጌው ይሻላል» አለች።

ፊርሚን አሮጌውን ዘንግ ሰጠው። ሬዢስ የእንጨቱን እጀታ ይዞ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ጀመረ። እጀታው ውስጥ የዘንጉ ጫፍ አለ፤ የቬርናስዬ ዘንግ ጫፉ ላይ የወይራ ፍሬ የምታህል የነሐስ እንክብል አለችው፣ የነጂው ጣት የሚያርፍባት። እንጨቱ ለቀቀ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ እንክብሏ የለችም። ከዘንጉ ጫፍ አራት ጣት ያህል በሴጌቶ ተቆርጧል።

ሬዢስ የተቆረጠውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ረዝሞ ነበር» አለ ፊርሚን። «በሩ ሲከፈት ግድግዳውን ይመታል።»

«ቁራጩስ?» አለ ሬዢስ።

«የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት የቆረጥኩትን ቁራጭ?»

መኪናው ውስጥ ዘንጉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ለዳገቱ ስምንት ቀን ቀርቶታል። እኔ ተግባራዊ ሰው ነኝ።

«በነሐስ ይበየዳል» አልኩት። «የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። እንክብሏን አንተ ትቆርጣታለህ፣ እኔ እሞርዳታለሁ። አሮጌ እናስመስለዋለን። ማንም አያይም።»

«አዲስ ብረት የገባበት ኮከብ ነው።»

«ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ።»

«ለዚያ እኮ ነው» አለ።

«እሺ ኮከቡን ምታበትና ከእኔ ጋር ከኋላ ውጣ። ቢያንስ ማርሹ ይቀየርልሃል።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለቀምኩት ከኋላ ልወጣ ነው?»

«አጭር ዘንግ ይዘህ ዳገቱ መሐል ትቆማለህ። በዚያ ጉልበት።»

«ንዳ» አለኝ። መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ።

እንደነበረው ገጠመው። አጭሩን ዘንግ፣ ቁጥር ስልሳ አንድ ላይ። ሕጉ ስለ ጎደለ ብረት አይናገርም፣ ስለ ተጨመረ እንጂ። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ሙሉ ብዬ ጻፍኩ። ሬዢስ አጠገቤ ቆሞ ስጽፍ አየኝ፤ ደስ ያለው አይመስልም።

እሑድ ጧት ከሙሉዎቹ ጋር ተነሣ። እኔ ባለ ኮከቤን ይዤ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ መንገዱ ጥድ መሐል ገብቶ ቀጥ የሚልበት ቦታ፣ ከፊቴ አየሁት። በትልቁ ጥርስ ነው የሚገፋው። ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ዘንጉ ይሰዳል፤ ዘንጉ አጭር ነውና ጣቱ ሊደርስ ሲል ጉልበቱ ሽቅብ መጥቶ አንጓውን ይመታዋል። እጁን ይሰበስባል። ብስክሌቱ ወደ ጉድባው ያዘነብላል። እንደገና ይሞክራል። አንዴ ጣቱ ደረሰ፤ ግን አጭር ዘንግ ጉልበት ይፈልጋል፣ ካቴናው ንቅንቅ አላለም።

ከጎኑ ስደርስ ወርዶ ቆሞ ነበር። ካቴናውን በጣቱ አንሥቶ ትንሹ ጥርስ ላይ አስቀመጠ። እጁ እስከ አንጓው በግራሶ ጠቁሯል። ኮርቻው ላይ ልውጣ ሲል የቀኝ እግሩ እምቢ አለ። ሦስት ጊዜ ሞከረ።

«ልያዝልህ» አልኩት።

«ሂድ። ሰዓትህ ያልፋል።»

«የምን ሰዓት ነው? ከኋላ የተነሣሁ እኮ ነኝ።»

«ሉሲየን፣ ሂድ አልኩህ።»

ሄድኩ። አናት ላይ ደርሼ የድንች ቂጣዬን በልቼ ስጨርስ ጥዱ መሐል ብቅ አለ፤ ቁጥር ስልሳ አንድን በእጁ እየገፋ፣ እያነከሰ። ሌሎቹ አጨበጨቡለት። አንድ ከሊዮን የመጣ ሰው ብስክሌቱን ዞሮ ዞሮ አየውና አንድ ዕቃ እንኳ ያልጎደለው የቬርናስዬ ብስክሌት ሲያይ የመጀመሪያው መሆኑን ነገረው።

ሬዢስ ብስክሌቱን ዛፍ ላይ አስደገፈ። እጁን በሣር ጠረገ፤ ግራሶው አልለቅ አለ።

«ጎሎታል» አለው። «አራት ጣት።»

ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ።