የኢዮሲያስ አረንጓዴ ፈረቃ

የዚያ የሐምሌ ማክሰኞ ዝናብ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም ነበር። ከባድ ዝናብ አይደለም፤ ጃንጥላ ለመዘርጋት የሚያሳፍር፣ ሳይዘረጉ ከሄዱ ግን እስከ አጥንት የሚያበሰብስ ካፊያ ነው። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ አስኮ የሚወስደው መንገድ ዳርና ዳሩ ተቆፍሮ ስለነበር ጉድጓዱን ሁሉ ቡናማ ውሃ ሞልቶታል። ባለቤቴ ዱባለ ቦቱን አጥልቆ፣ የኬብል መበየጃ ማሽኑን በላስቲክ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ። ወንድሜ ኢዮሲያስ በዚያው ሰዓት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት ተቀምጧል። ሁለቱም የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ፤ ድርጅቱ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን ቅርንጫፎች እርስ በርስ የሚያገናኝ የኔትወርክ መስመር ዘርግቶ ይጠብቃል። አንዱ መስመሩን ይሠራል፣ ሌላው መስመሩን ያያል። የምጽፈው ስለሚያየው ነው።

ኢዮሲያስ የእናታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። እናታችን ስታርፍ እሱ ገና ፊደል እየቆጠረ ነበር፤ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ሁለት ተማሪ የሚያኖር ቤት ስላልነበረን እኔ ከትምህርት ቀረሁ። እንድመሰገንበት አይደለም የምጽፈው፤ ያኔም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልጁ ከትንሽነቱ አንድ ተሰጥኦ ነበረው፤ ጥፋት ሲደርስ እዚያ ቦታ አይገኝም። ብርጭቆ ሲሰበር እሱ ጓዳ ሆኖ መዝሙር ይዘምራል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "ይህ ልጅ ጸጋ አለው" ይሉ ነበር። ስብርባሪውን የምጠርገው እኔ ስለነበርኩ ጸጋውን ቀረብ ብዬ ለማየት ጊዜ አላገኘሁም።

ከኮሌጅ በኔትወርክ ተመርቆ ቤት ተቀመጠ። ረፋድ ላይ ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ "እግዚአብሔር ጊዜ አለው" ይላል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሥራ ያስገባው ዱባለ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ገብረወልድ ቢሮ ተመላልሶ፣ "የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ለእኔ ብለህ" ብሎ ለምኖ ነው ያስገባው። ኢዮሲያስ ደመወዝተኛ በሆነ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጥቶ መሰከረ። በምስክርነቱ ውስጥ የዱባለ ስም የለም። በሩ ከሰማይ በቀጥታ ነው የተከፈተው። ዱባለ አጠገቤ ተቀምጦ "አሜን" አለ። ዱባለ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ይህም አንዳንዴ ያበሽቀኛል።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ከሥራ መታወቂያ ባጁ የማይለይ ሰው ሆነ። ባጁን ሠርግ ላይ አያወልቅ፣ ለቅሶ ላይ አያወልቅ፣ ከከረቫቱ በላይ ያንጠለጥለዋል። ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ "ሞኒተሪንግ" ይልና ዝም ይላል። ጠያቂው ምስጢር መስሎት እሱም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

እኔ ያንን ምስጢር አይቼዋለሁ። ድርጅቱ የቤተሰብ ቀን ብሎ ሲጋብዘን ከዱባለ ጋር ሄድኩ። ግድግዳውን የሞላ ስክሪን ላይ የከተማው መስመር ሁሉ ተስሏል። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ኢዮሲያስ የሚሽከረከር ወንበሩ ላይ ሆኖ አስረዳኝ።

"ይኸውልሽ እትዬ፣ በእያንዳንዱ መስመር ጫፍና ጫፍ ሳጥን አለ። ሳጥኖቹ ሌት ተቀን እርስ በርስ 'አለሁ፣ አለሁ' ይባባላሉ። አንዱ ካቆመ እዚህ ቀይ ይበራል፣ ይጮኻል።"

"አንተስ ምን ትሠራለህ?"

"አያለሁ።"

"ሲጮኽስ?"

"እደውላለሁ።"

"ለማን?"

"ለጋሼ ዱባለ።"

አጠገቡ የምትሠራው ሃና የምትባል ልጅ ሳቋ አመለጣት። "ኧረ እትዬ፣ ወንድምዎ አይደውልም! በኢዮሲ ፈረቃ ቀይ የሚባል ነገር የለም። እሱ ሲገባ ቀዩ ራሱ ደንግጦ ይጠፋል።"

"በጸሎት ነዋ" አለ ኢዮሲያስ፣ ባጁን እያስተካከለ።

"በጣቱ ነው" አለችኝ ሃና፣ አይጥ የሚባለውን የኮምፒዩተር ዕቃ በጣቷ ጠቅ ጠቅ እያደረገች።

ታክሲ ውስጥ ዱባለን ስጠይቀው ነገሩ ገባኝ። መስመር በሚጠገንበት ሰዓት ደወሉ በከንቱ እንዳይጮኽ "ጥገና ላይ ነው" ብሎ ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ ያኔ ስክሪኑ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። የተፈቀደው ለጥገና ነው። ኢዮሲያስ ግን ያስቸገረውን መስመር ሁሉ፣ የሚጠግነው ሰው ይኑር አይኑር፣ ጥገና ላይ ነው ብሎ ዝም ያሰኘዋል። ወር ሲያልቅ የሱ ፈረቃ ቀይ ስለማይኖረው አንደኛ ይባላል።

"ገብረወልድ አያውቅም?"

"የገብረወልድም ክፍል አንደኛ ይባላል እኮ።"

ትምህርት አቋርጬ የቀረብኝ ነገር ካለ ይህ ነው ማለት ነው አልኩ በልቤ።

እንግዲህ ወደዚያ ማክሰኞ ልመለስ። መንገድ ቆፋሪዎቹ አስኮ ወዳለ አንድ የግል ሆስፒታል የሚሄደውን መስመር በጥሰውት ነበር። ሆስፒታሉ በዚያ መስመር የራጅ ምስል ወደ ሌላኛው ቅርንጫፉ ይልካል፤ ራጅ የሚያነበው ሐኪም የሚቀመጠው እዚያ ነው። በእነዱባለ ሥራ አንድ ደንብ አለ። ጉድጓድ የገባው ሰው መስመር ከመንካቱ በፊት ስክሪኑ ወዳለበት የክትትል ክፍል ይደውላል፤ ደወሉን ዝም ያሰኙለታል። ሲጨርስ እንደገና ይደውላል፤ ያኔ ስክሪን ፊት ያለው ሰው እስከ መስመሩ ጫፍ የሙከራ መልእክት ይልካል። የጫፉ ሳጥን ሲመልስ ደወሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ጉድጓድ ያለው ሰው "ውጣ" ይባላል። ጭቃ ውስጥ ያለው ሰው በስክሪን ፊት ባለው ሰው ዓይን ነው የሚያየው።

ዱባለ ረፋዱ ላይ በይዶ ጨረሰና ደወለ።

"ኢዮሲ፣ ጨርሻለሁ። እስከ አስኮ ጫፍ ፈትሽልኝ።"

"ሰላም ነው፣ ውጣ።"

"እስከ ጫፍ አየኸው?"

"ጋሼ፣ አረንጓዴ ነው ስልህ! ዝናብ ላይ ምን ያቆምሃል?"

ዱባለ ወጣ። ለኢዮሲያስ የመለሰለት ግን የ18 ማዞሪያው ሳጥን ብቻ ነበር። ያ ሳጥን ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ቅርብ ስለሆነ ቶሎ ይመልሳል። የአስኮውን አንዴ ሞክሮታል፤ አልመለሰለትም። ከተበየዱት የኬብሉ የመስታወት ክሮች አንዷ አልያዘችም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፤ ሙከራው የኖረውም ለዚሁ ነው። ዱባለ ጉድጓዱ ውስጥ እያለ "አልመጣም" ቢባል ቆርጦ እንደገና ይበይዳት ነበር። ኢዮሲያስ ግን ደወሉን ወደ ቦታው ቢመልሰው በፈረቃው ላይ ቀይ ሊበራበት ነው። "ዝናቡ ሲያባራ ራሱ ይስተካከላል" ብሎ ደወሉን እንደተዘጋ ተወውና ምሳ ወጣ። ይህን ለዱባለ የነገረችው ሃና ናት፤ ዓይኗ እያየ ነው የሆነው።

ከሆስፒታሉ ሲደወል የክትትል ክፍሉ መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ "ከእኛ በኩል አረንጓዴ ነው። የእናንተን ኮምፒዩተር አጥፍታችሁ አብሩት።" ሆስፒታሉ ሲያጠፋና ሲያበራ ዋለ። ከመንገዱ ጉድጓድ ገብተው ዳሌያቸው የተሰበረ አንድ ሽማግሌ ኮሪደር ላይ ተጋድመው ራጃቸውን የሚያነብላቸው ሲጠፋ፣ ወደ ማታ ልጃቸው ራጁን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በኮንትራት ታክሲ ወደ ሌላኛው ቅርንጫፍ ይዞት ሄደ። በማግስቱ የሆስፒታሉ ባለቤት መጥቶ ግቢው እስኪሰማ ጮኸ፣ ውሉንም አፈረሰ።

ኢንጂነር ገብረወልድ ጥፋተኛ አስፈለገው። ከወንበሩ ሳይነሳ አገኘው። "ማሽኑ አረንጓዴ ነበር፤ ስለዚህ ያጠፋው ሰው ነው" አለ። ሰው ማለት ዱባለ ነው። ሳይጨርስ "ጨርሻለሁ" ብሎ ወጥቷል ተባለና ከሥራ ታግዶ ለሚቀጥለው ሐሙስ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ተጠራ። ከዚያ ወዲያ የዱባለ እንጀራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተንጠለጠለ። ኢዮሲያስ "የአስኮው ጫፍ አልመለሰልኝም" ካለ ዱባለ ይመለሳል፤ ካላለ ይባረራል። ሃና ስትጠየቅ "እኔ የራሴን ስክሪን ነው የማየው" አለች። አልፈረድኩባትም፤ እሷን እኔ አላሳደግኋትም።

እሑድ ከፕሮግራም በኋላ ኢዮሲያስን ሳንሱሲ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ አገኘሁት። አስተናጋጅ ነው፤ ምእመናን ሲወጡ እጅ እየጨበጠ "ተባረኩ" ይላል። እኔንም ጨበጠኝ።

"ኢዮሲ፣ ሐሙስ ሲጠይቁህ የአስኮው ጫፍ አልመለሰልኝም በል። ሌላ ቃል አትጨምር።"

"እትዬ፣ ቦታው አይደለም።"

"ቦታው የት ነው?"

"እኔ ጉዳዩን ለጌታ ሰጥቼዋለሁ።"

"ጌታ እስከ የት እንደፈተሽክ ያውቃል። ያልነገርከው ለገብረወልድ ነው።"

ግራ ቀኝ አየና ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ወሰደኝ። "ለፈረቃ አለቃነት ታጭቻለሁ። አሁን ስሜ ቢነሳ ያበቃል።"

"የዱባለ ስም ተነስቶ የለም እንዴ?"

"ጋሼ እኮ የእጅ ሙያ አለው፤ የትም ቢጣል አይወድቅም። እኔ ከዚያ ወንበር ብነሳ ምን ልሆን ነው?"

በሕይወቱ ከልቡ የተናገረው እውነት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ መሃል አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አጠገባችን ሲያልፉ፣ "እህት የሺእመቤት፣ በወንድምሽ ተባርከሻል!" አሉኝ። ኢዮሲያስ ትሕትና እንዳበዛ ሰው አንገቱን ሰበር አደረገ።

ሐሙስ የሆነውን ዱባለ ነው የነገረኝ። ኮሚቴው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል፤ ውሃ በየፊታቸው ተደርድሯል። ገብረወልድ ጠየቀ።

"ኢዮሲያስ፣ በዕለቱ ስክሪኑ ላይ ምን አየህ?"

"አረንጓዴ።"

"እስከ የት ድረስ?" አለ ዱባለ ከወንበሩ ቀና ብሎ።

"እዚህ የምንጠይቀው እኛ ነን" አለ ገብረወልድ። ከዚያም ሌሎቹን አየ። ሌሎቹ የውሃ ጠርሙሳቸውን አዩ። ኢዮሲያስ ባጁን ይዞ ወጣ። ስብሰባው ሻይ ሳይቀርብ በዱባለ መባረር አለቀ።

ዱባለ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ ቦቱን አጥቦ በር ላይ ገለበጠው። ነገ የሚሄድበት ያለው ሰው ይመስላል። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠና፣ "ውሸት እኮ አልተናገረም የሺ። ያየው አረንጓዴ ነው" አለኝ። ከወንድሜ ይልቅ በዚያን ሰዓት ያናደደኝ እሱ ነው። እኔ ስድብ አዘጋጅቼ ስጠብቅ ፍርድ አስተካክሎልኝ መጣ። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ስድቤን ዋጥኩና ምሳውን አቀረብኩለት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኢዮሲያስ ሙዝ ይዞ "ልጠይቃችሁ" ብሎ መጣ። እንደታመመ ሰው ጥየቃ መሆኑ ነው። ቆሞ ለቤታችን ጸለየ፤ የተዘጋ በር ሁሉ እንዲከፈትልን፣ የጠላት ምክር እንዲፈርስ ጠየቀ። ጠላት ማን እንደሆነ አላብራራም። ዱባለ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው፤ እኔ አልጨፈንኩም። ጸሎቱ እንዳለቀ ተቀምጦ ካመጣው ሙዝ ሁለቱን በላ፣ ልጣጩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ሥራ እንዳለበት ነግሮን ሄደ።

"አታስገባው" ብዬ ነበር ለዱባለ። "ወንድምሽ ነው" አለኝ። ክርክሩ በዚህ አለቀ። እኔም ወደ በሩ ሄጄ መቆም ታከተኝ፤ ሲመጣ ይገባል፣ ሲበላ ይበላል።

ዱባለ አሁን አስኮና ሳንሱሲ አካባቢ በየቤቱ የኤሌክትሪክ ገመድ ይዘረጋል፤ ሥራ የሌለ ቀን 18 ማዞሪያ ያለችው ሱቄ ውስጥ ከእኔ ጋር ይቀመጣል። ኢዮሲያስ የፈረቃ አለቃ ሆኗል። የሚሠራው እዚያው የድርጅቱ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሚኖረው አስኮ፣ ያን ቀን አረንጓዴ ነው ባለው መስመር ጫፍ፣ ተከራይቶ ነው።