ስንዴ የሌለበት የጽጌ ዳቦ

ደብረ ብርሃን ለዱባ አትሆንም። ቢበቅልም ጥቅምት ላይ ውርጩ ይመጣና ቅጠሉን በአንድ ሌሊት አጥቁሮት ያድራል። ዱባ ሞቅ ያለ አገር ይወዳል። ጣርማ በርን አልፌ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ ጠመዝማዛው ሊያልቅ ሲል፣ መንገድ ዳር ተከምሮ ይጠብቀኛል። የሚኒባስ ሹፌር ስለሆንኩ ስመላለስ ነው የምውለው፤ ስለዚህ ዱባ በዓይኔ ሞልቷል። ግን ለብዙ ዓመት ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም። ወፈር ያለ ሰው ሲያልፍ «ዱባ» ብለን የምንስቅበት፣ ጾም ሲገባ ደግሞ ምን ይሠራ ሲባል የሚሠራ ወጥ ነበር።

ዱባን በወጉ ያየሁት ልጄ ከታመመች በኋላ ነው።

ሰባት ዓመቷ ነበር። ሆዷ ይነፋል፣ እግሯ ይቀጥናል፣ የበላችው አይረጋላትም። የወስፋት መድኃኒት ሰጠናት፤ ጠበል አስጠመቅናት፤ አንዱ አሜባ ነው ሲል ሌላው የደም ማነስ ነው አለ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ይዣት ሄጄ አንድ ሐኪም መርምሮ አገኘው። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፣ እሱ አንጀቷን ያቆስለዋል፣ ዕድሜ ልኳን እንዳይነካት አለኝ።

«ስንዴውስ ይሁን፤ ገብስም?» አልኩት።

«ገብስም።»

«ታዲያ ምን ልትበላ ነው?» ብዬ ጮኽኩበት። ቁጡ ነኝ፤ ይህን ባለቤቴም ተሳፋሪዎቼም ያውቁታል። ሐኪሙ ግን አልተቆጣም፤ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ ይስማማታል ብሎ በትዕግሥት ነገረኝ። ለእኛ አገር ሰው ገብስ አትንካ ማለት ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? በሶው ገብስ ነው፤ ቆሎው ገብስ ነው፤ ገንፎውም፣ ቂንጬውም፣ ጠላው ሳይቀር ገብስ ነው። ገብስ የእህል ንጉሥ እየተባለ ነው ያደግነው።

ከሁሉ የከፋው አማቴን ማሳመን ነበር። የባለቤቴ እናት አንኮበር አጠገብ ገጠር ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። እርሻቸው ገብስ ነው፤ በየወሩ በሶ አስፈጭተው ሳይሆን በእጃቸው ፈጭተው ይልኩልን ነበር። የሐኪሙን ቃል ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

«ገብስ ሰው አሞ ያውቃል? እኔን ያሳደገኝ ምን ሆነና! ይህ የሰው ዓይን ነው ልጄ።»

«እማማ፣ እርስዎን ያሳደገ እሷን ይጎዳል። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባል የለ?»

«እሱን ተረት ለሐኪምህ ንገረው» አሉኝና ወደ ጓዳ ገቡ።

ያን ዓመት በጽጌ ወር የማርያም ማህበር ተራ የአማቴ ነበር። ተራቸው ሁልጊዜ በጽጌ ነው። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ድፎውን ባርከው ሊቆርሱ ሲሉ ልጄ ብድግ ብላ ወጣች። ፈልጌ ሳገኛት ከጓሮ አጥር ሥር ቁጢጥ ብላለች።

«በልተው እስኪጨርሱ እዚህ ልቆይ። እምቢ ስላቸው አያቴ ታፍራለች» አለችኝ።

የማርያም ጸበል እምቢ አይባልም። የጠገበም፣ የታመመም፣ የተጣላም ቢሆን ከዚያች ቁራሽ ይቀምሳል። ማህበርተኞቹ ቁራሻቸውን ይዘው ባዶ የቀረውን የልጄን ቦታ ያያሉ። እንግዶቹ ሲሄዱ አማቴ «የልጅ ልጄ የእመቤቴን ቁራሽ የምትሸሽ ሆነች» ብለው አለቀሱ። ልጄ ሰምታለች። እኔም በልቤ ማልሁ፦ በሚመጣው ጽጌ ይህች ልጅ ከሰው ጋር፣ ከአንዱ ዳቦ ትቆርሳለች። ለብቻዋ ተጋግሮ በሰሐን የሚቀርብላት የበሽተኛ ምግብ አይሆንም።

ባለቤቴ ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምትሠራው፤ ስለዚህ ጋጋሪው እኔ ሆንኩ። ሰፈሩ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። የጤፍ ዱቄት አቡክቼ ጋገርኩ፤ ሲበርድ እንደ አሸዋ በእጄ ላይ ፈረሰ። በቆሎ ቀላቀልኩበት፤ ድንጋይ ወጣው። ዱባ ያሰብኩት ያኔ ነው። ከደብረ ሲና አንድ ትልቅ አምጥቼ ቀቅዬ ፈጨሁና ከጤፉ ጋር ለወስኩት። መልኩ አማረ፤ ጠረኑም ቤቱን ሞላው፤ ከመጥበሻው ግን አልላቀቅ አለ፤ መሐሉ ጭቃ ነው። ባለቤቴ ከሥራ ገብታ በማንኪያ ነካ አደረገችውና «ግድግዳው የተሰነጠቀበት ቦታ አለ፤ ሳይደርቅ ምረግበት» አለችኝ። በንዴት ማማሰያውን ወረወርኩ፣ ጤፉን ሰደብኩ፣ ዱባውን ሰደብኩ። እሷ ደግሞ ተልባዋን እየወቀጠች «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ብላ አላገጠችብኝ።

ስቃ ስትጨርስ ተልባውን በጥብጣ ሰጠችኝ። ብርጭቆውን ሳነሳ ተልባው ተዝለገለገ፤ በማንኪያ ብጎትተው ይሳባል እንጂ አይበጠስም። ጾም ነው፣ እንቁላል የለም፤ ይህ ግን አለ። ሳልጠጣው ሊጡ ውስጥ ገለበጥኩት። የጤፍ እርሾ፣ ትንሽ ማርና ኮረሪማ ጨመርኩ። በየጣሳው ክዳን ከፋፍዬ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርጌ ጠበቅሁ። ስከፍተው ኩፍ ብሏል። ከዳር እስከ ዳር ሳይሰነጠቅ፣ የጥቅምት ፀሐይ የመሰለ ዳቦ። አገላብጬ አየሁት። ስንዴ ሳይኖር ምን ያዘው? ከደቃቋ ጤፍ፣ ከተናቀው ዱባና ከተልባ ልጋግ ይህ ሊወጣ እንደሚችል ማን ያውቅ ነበር? ለሰው ብናገር ይስቅብኛል እንጂ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ልጄ ሁለቱን ትንንሽ ዳቦ በልታ ሦስተኛውን ለትምህርት ቤት በላስቲክ ቋጠረች።

ግን ሕመሙ አልተዋትም። አንድ ሳምንት ደኅና ትሆንና እንደገና ትወድቃለች። አማቴ በስልክ «አልነገርኩህም?» ይሉኛል። ዱባው ነው? ተልባው ነው? ሐኪሙ ዋሽቶኛል? መላ ጠፋኝ።

ጤፉን የማስፈጨው ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት ነው። በበዓል ሰሞን ሰልፉ ረጅም ነው፤ እኔ ግን ተሰልፌ አላውቅም። «የታመመች ልጅ ምግብ ነው» ስል ሰው ሁሉ «አሳልፉት! አሳልፉት!» ይላል። የእኛ አገር ሰው በሌላው ቢነታረክ በታመመ ልጅ አይጨክንም። ሁልጊዜ ጤፌን ሰጥቼ ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ግን መብራት ሄዶ ስለነበር ውስጥ ተቀምጬ ቆየሁ። መብራቱ ሲመጣ የአንዲት ሴት ስንዴ እየተፈጨ ነበር፤ ሴትየዋ «የልጁ ይቅደም» ብላ የቀረውን ስንዴዋን ራሷ አነሳችልኝ። ቀይ ጤፌ ተገለበጠ። ከታች መጀመሪያ የወረደው ዱቄት ነጭ ነበር። ቀጥሎ ቀይ ጤፉ መጣ፣ ነጩም ውስጡ እንደ አመድ ተበትኖ ታየ።

እጄን ሰድጄ ነካሁት፤ ስንዴ ነው። ተራዬን ብጠብቅ ኖሮ ምናልባት ጤፍ ከጤፍ ተከታትሎ ይገባ ነበር። ሰው እየራራ ባሳለፈኝ ቁጥር ግን የእኔ ጤፍ ስንዴው መሐል ሲገባ ከርሟል። ልጄን ያሳመማት የሰው ደግነት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምቆጣው ሰው አጣሁ። ሴትየዋ አጠገቤ ቆማ «እግዜር ይማራት» አለችኝ፤ «አሜን» አልኩ።

በሳምንቱ ዱባ ጭኜ አንኮበር ወጣሁና ያየሁትን ለአማቴ ነገርኳቸው። ይሳለቁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር አገጣጥመው አሳዩኝ።

«ይህችን የምታህል ብናኝ?»

«ከዚያም ያነሰች።»

«ብናኟን ስትበላ ነው የታመመችው? በልታ ስትተው ደግሞ ድና ነበር?»

«አዎ እማማ።»

ቡናም ሳልጠጣ ሸኙኝ፤ ተቀይመውኛል ብዬ ተመለስኩ።

የማህበሩ ቀን ሲቃረብ ያን ሰሞን የቆረጥኩትን ኮባና አዲስ የሸክላ ምጣድ ይዤ እንደገና ሄድኩ። ግቢው ሳልደርስ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ይሰማኛል። አማቴ ከእናታቸው የወረሱት የድንጋይ ወፍጮ አለ። ወፍጮ ሲለሰልስ ይወቀራል፤ ፊቱን በጠንካራ ድንጋይ ጠቅ ጠቅ አድርገው ሻከር ያደርጉታል፣ አለቀ። እሳቸው ግን ቆዳውን ገፈውታል። ከጎኑ የድንጋይ ዱቄት ተከምሯል፤ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ነጭ ሆኗል፤ መዳፋቸውን በጨርቅ ጠምጥመዋል፣ ጨርቁ ላይ ደም አለ።

«ምን እየሠሩ ነው?» አልኳቸው ደንግጬ።

«ገብሱን እያወጣሁ ነዋ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ይህ ድንጋይ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ገብስ ሲጠጣ የኖረ ነው። ያች የወፍጮ ቤት ብናኝ ይህን ካደረገቻት፣ የእኔው ድንጋይማ ይገላት የለ? በሶዬን ስልክላት ኖርኩ!»

ልረዳቸው እጄን ዘረጋሁ፤ «ተው፣ አንተ ትሰብረዋለህ» ብለው መለሱኝ። ቆሜ አየኋቸው። ሐኪም ያላሳመናቸው፣ እኔ ጮኼ ያላሳመንኳቸው ሴት፣ አንዴ ካመኑ በኋላ ከድንጋይ ጋር ታገሉ። በሕይወቴ ብዙ ጉልበተኛ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ከዚያ በፈላ ውኃ አጠቡት፣ በፀሐይ አደረቁት፣ መጀመሪያ የፈጩበትን በቆሎ ለዶሮ በተኑት፣ ደግመው ፈጭተው እሱንም በተኑት። የልጄ ጤፍ የተነካው ከዚያ በኋላ ነው። ጤፉም አንድ ፍሬ ገብስ እንዳይኖርበት በወንፊት ተነፍቶ፣ በሰፌድ ተበጥሮ ነበር፤ ወንፊቱም ሰፌዱም አዲስ ነው።

በማህበሩ ዕለት የጋገርኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ «አማት ይሏል እንዲህ ነው፣ አማች አስጋገረች!» እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። ከኮባው ሥር ሲወጣ ግን ሳቁን ትተው ተሰበሰቡበት። ትልቅ፣ ሙሉ፣ ደማቅ ዳቦ ነበር። ቄሱ አዩትና «ይህ የምን ዳቦ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

አማቴ ተነሥተው ቆሙ። «የዱባና የጤፍ ነው አባ። ዛሬ በዚህ ቤት ስንዴም ገብስም የለም። ጠላም አልጠመቅሁም፤ ብርዝ ነው። ቅር ያለው ካለ ይቅር ይበለኝ።»

ቄሱ ባርከው ቆረሱ። ዳቦው በመሶብ ሲዞር ልጄ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«አባዬ፣ ይሄ የኔ ነው ወይስ የሁሉም?»

«የሁሉም ነው።»

በሁለት እጇ ተቀበለች። አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ሆነው ጢማቸውን እየጠረጉ «ይጣፍጣል ደግሞ!» አሉ። እሷ አልሰማቻቸውም፤ ዙሪያዋን እያየች፣ ሌላው ሲያኝክ እያኘከች ትበላለች።

እዚያው አደርን። ጠዋት ልጄ ከሁላችን ቀድማ ተነሥታ የተረፈ ዳቦ ፍለጋ መሶቡን ስትከፍት አገኘኋት። ሆዷን ነካሁት፤ ልስልስ ብሏል። ለአማቴ ልነግራቸው ስወጣ፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ከበድ ያለ ስልቻ አዝለው ከግቢው ሲወጡ ደረስኩባቸው።

«በማለዳ ወዴት ነው?»

«ጎረቤት። ገብሴን ድንጋያቸው ላይ እንድፈጭ ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ልለምናቸው ነው።»

በዚያ መንደር የእሳቸውን ወፍጮ ያልተዋሰ ቤት የለም። ለምነው ግን አያውቁም።

«የእርስዎ ድንጋይ እያለ?» አልኳቸው።

«እሱማ የልጅቷ ነው» አሉኝ፣ መንገዳቸውን ሳያቋርጡ።

ስልቻውን ከጀርባቸው ተቀብዬ አብሬያቸው ሄድኩ።