እህቴ ያልተቀመጠችበት ድርድር

ልጅ ሳለሁ፣ ከትክል ድንጋይ ከተማ እልፍ ብሎ ባለው መንደራችን፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ ማታ ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። የእርጥብ እንጨቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፍሙ ፊታቸውን ከታች እያቀላው፣ እኔና ታላቅ እህቴ ብርቄ አንድ ጋቢ ተከናንበን እንሰማቸዋለን። አስታራቂ ሽማግሌ ስለነበሩ የተረታቸው ሁሉ መጨረሻ ዕርቅ ነው። «ድርድር ማለት መደርደር ነው» ይሉን ነበር። «የጥንት ሰዎች ጦራቸውን ጥለው ፊት ለፊት ተደረደሩ፤ በደላቸውንም አንድ ባንድ ደረደሩት። ቃሉ ከዚያ መጣ።» ያኔ ከዚህ የበለጠ ሸጋ ቃል ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ምሽት በተረታቸው ውስጥ ነብርና ፍየሎች ታረቁ። ነብሩ መንጋውን ላይነካ ማለ፤ ፍየሎቹም ለዕርቁ ማሰሪያ አንዲት ግልገል ሰጡት።

«ግልገሏስ ምን አለች?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ምነው አንቺ! ግልገል ደግሞ ምን አፍ አላት?» አሉና ሳቁ። ብርቄ ከሁላችን በላይ ሳቀች።

በዚያው ዓመት ታላቅ ወንድማችን በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው ገድሎ ሸሸ። የሟች ወገን ደሙን ሊመልስ ሲያደባ፣ የቀሩት ወንድሞቻችን ማሳ መውጣት ፈሩ፤ እኔም ከትምህርት ቤት ቀረሁ። በመጨረሻ አያ ታከለ ሁለቱን ወገን ግቢያችን ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጡ፣ ልክ እንዳወሩልን። ሲመሽ ነገሩ አለቀ። ደሙ እንዲደርቅ ብርቄ ለሟቹ ወንድም በሚስትነት ተሰጠች። ገና ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ድርድሩ ሲካሄድ ጓዳ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ የጠራት የለም። አያ ታከለ የዕርቁን ሥጋ በልተው ስብ የነካ ጣታቸውን እየላሱ «ሸጋ ድርድር ነበር፣ ተመስገን» ሲሉ በኩራዙ ብርሃን አየኋቸው። ብርቄ እጄን ጨምድዳ ይዛ «እኔ ምን አጠፋሁ?» ትለኝ ነበር።

አሁን ጎንደር ከተማ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። በቅርቡ አንድ አሠልጣኝ ስለ ድርድር ሲያስተምረን፣ ፈረንጆቹ ለድርድር የሚሉት «ኔጎሲዬሽን» የሚለው ቃል ከጥንት ሮማውያን እንደ መጣ፣ መነሻ ትርጉሙም «ዕረፍት ማጣት» እንደ ነበር ነገረን። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ያን ቀን ምሳ መብላት አቃተኝ።

አያ ታከለ ዛሬም በአስታራቂነታቸው ይመሰገናሉ። እጠላቸዋለሁ። ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ግን ሌላ ነው፤ ዕርቁ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ከሁለቱም ወገን የሞተ የለም። ወንድሞቼ በሰላም አረሱ፣ ወለዱ፣ ከበዱ። እኔም ደብተሬን ይዤ፣ ማንም ሳይነካኝ፣ በየቀኑ በእህቴ ባል ደጅ እያለፍኩ ትምህርቴን ጨረስኩ። እሷ ልጅ አዝላ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሮጥ ነበር።